ስሙ የማይጠራ መድኃኒት

እርጉዝ ሆኜ ያማረኝ ጥሬ ሥጋ ነበር። ሱሉልታ መንገድ ዳር ካሉት ሥጋ ቤቶች እያስገዛሁ፣ ሚጥሚጣ እየነከርኩ በላሁ። ሆዳምነቴ ዋጋ አስከፈለኝ፤ በአምስተኛው ወር የኮሶ ትል ታየብኝ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ፈገግ ብላ፣ "ብዙም አይጎዳሽም፤ ከወለድሽ በኋላ ትታከሚያለሽ" አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ "ብቻ የኮሶ አበባ እንዳትጠጪ። ያስወርዳል" አለች።

ለመታገሥ ሞከርኩ። ግን ልጅና ትል በአንድ ሆድ እያሳደግኩ እህል እንዴት ይውረድልኝ? የቤት አከራያችን በሰፈሩ የታወቁ መድኃኒት አዋቂ አሮጊት ስለሆኑ ችግሬን ነገርኳቸው። በማግሥቱ ጠዋት፣ ምንም ሳልቀምስ፣ በማር የተለወሰ አረንጓዴ ነገር በኩባያ ይዘውልኝ መጡ።

"ምንድን ነው እማማ?"

"ስሙ አይጠራም፣ ኢንተላ ኮ። ከተጠራ አይሠራም።"

በኦሮምኛ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ደግሞ ኮሶ መራራ ነው፤ ይኼ ጣፋጭ ነው። ጠጣሁት።

ረፋዱ ላይ ሆዴን ቆረጠኝ። ማር ምሬት እንደሚሸፍን ያኔ ነው የታሰበኝ። በዚያ ሰዓት ሲራገጥ የሚያረፍደው ልጅም ዝም አለ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ሰበታ ፋብሪካ የሚሠራው ባለቤቴ ስልክ አያነሳም። ጤና ጣቢያ ልሮጥ ብዬ ተነሳሁና በር ላይ ቆምኩ። ምን ጠጣሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። መድኃኒቱን ለሚደብቅ ግን የተረተ የለም። እየተናደድኩና እያለቀስኩ እማማ ወደሚኖሩበት ጓሮ ዞርኩ።

"እማማ፣ ኮሶ ነው ያጠጡኝ?"

ወደ ቤታቸው ሊገቡ ዞር አሉ።

"ልጄ አልንቀሳቀስ አለኝ። ይንገሩኝ።"

"እናቴ ሙያውን ስታወርሰኝ ስሙን እንዳልጠራ አስምላኛለች።"

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ክንዴን ይዘው ሊያነሱኝ ሲሞክሩ ሆዴን ሆዴን ያያሉ። እሳቸውም ፈርተዋል። ይኼ ይበልጥ አስፈራኝ።

"ዱባ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "የዱባ ፍሬ ወቅጬ፣ በማር ለውሼ። ሌላ የለበትም፣ ማርያምን። ለእርጉዝ ኮሶ አልሰጥም።"

"ታዲያ ይኼን ለመናገር ምን ነበረበት?"

መሬቱን እያዩ መለሱልኝ። "የመጀመሪያዬን ሳረግዝ ኮሶ ታየብኝ። እናቴ በኩባያ ሰጠችኝ። እሷ ማርገዜን አታውቅም፤ ነውር ነውና አልነገርኳትም። እኔ የሰጠችኝን አላውቅም፤ ስሙ አይጠራም አለችኝ። ደግሜ አልጠየቅኳትም።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ "ተነሽ፣ እንሂድ" አሉኝ። ባጃጅ ውስጥ እጄን አለቀቁትም።

ነርሷ ምን እንደጠጣሁ ስትጠይቀኝ፣ አፌን ሳልከፍት እሳቸው፣ "ዱባ! የዱባ ፍሬ ነው የሰጠኋት!" ብለው በር ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ተናገሩ። ነርሷ ማዳመጫውን ሆዴ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። አፍ አፏን አየሁ።

"ይመታል" አለች በመጨረሻ።

እኔ ማልቀስ አልቻልኩም። ግድግዳ ተደግፈው ያለቀሱት እማማ ናቸው።