ለሌላ ሰው የሞቀ ቤት

ባሌ እኛ ቤት አንድ ምስማር መትቶ አያውቅም። ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር የተከራየነው ፍላት መስኮቱ አልገጥም ስላለኝ፣ ዊንተር በመጣ ቁጥር በፎጣ እወትፈው ነበር። እሱ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ከርሞ አንድ ቀን ተነሣና፣ «ያረጀ ቤት ገዝተን፣ አድሰን እንሸጣለን። ዊንተር ላይ ገዢ ስለሌለ ርካሽ ነው» አለኝ። ገዢ ከሌለ ከእኛስ ማን ሊገዛ ነው ብለው፣ ቢዝነስ አይገባሽም ተባልኩ።

የራሳችን ቤት እንገባበታለን ብዬ ስንት ዓመት ዕቁብ ጥዬ ያጠራቀምኩት ገንዘብ፣ ኬንቲሽ ታውን ያለ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ላይ ዋለ። ከዚያማ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ! ቀለም ይቀባል፣ ወለል ያነጥፋል። ብርዱ ቀለሙን አላደርቅ ሲለው ከልጆቹ መኝታ ቤት ሂተሩን ነቅሎ ወሰደ። ቀጥሎ ምንጣፌ ሄደ፤ ከዚያ መጋረጃዬ። «ገዢ ባዶ ቤት አይወድም» ይለኛል። የማናውቀው ሰው እንዲሞቀው ብለን እኛ ጋቢ ተከናንበን እራት እንበላለን።

ቤቱን ሊያዩ አንድ ፈረንጅ ባልና ሚስት መጡ። ሳሎኑን ቼክ እያደረጉ፣ ሙቀቱን እያደነቁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከቸርቻችን አንዲት እናት ናቸው፤ ቤት ገዙ ሲባል ሰምተው ድፎ ዳቦ ተሸክመው መጥተዋል። ልንሸጠው እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። ወይ ጣጣ! ባሌ አፉን ሳይከፍት እማማ ዳቦውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ።

«ከዚህ ቤት አያውጣችሁ! ልጆቻችሁን ዳሩበት! አርጁበት!»

«አሜን!» አለ ባሌ ጮክ ብሎ፤ ምርቃት ሲሰማ ዝም ማለት አይችልም።

ፈረንጇ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። አንድም ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላት። መጋረጃዬን አየች፣ እኔን አየች።

«ታዲያ ለምን ትሸጡታላችሁ?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አልኳት፤ እንባዬ መጣ። ወደ ባሌ ዞሬ በአማርኛ፣ «አሜን ብለሃል እኮ፤ እንዴት ትሸጠዋለህ?» አልኩት።

«የምን መሸጥ?» አሉ እማማ።

ባሌ እሳቸውን አየ፣ ዳቦውን አየ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሮ ይቅርታ ጠየቃቸው። ቤቱ አይሸጥም አላቸው።

አሁን እዚያው ነው የምንኖረው። ልጆቹ ሂተራቸውን ተከትለው መጡ። በገባን በሳምንቱ የሳሎኑ መስኮት አልዘጋ አለ። ባሌን ሥራው ብለው፣ «ዊንተሩ ይለፍና» አለኝ።

ደግነቱ ፎጣውን ይዤው መጥቻለሁ።