አሜን የማይጠብቅ ቃታ

ባለፈው ሰሞን ጋራዤ ውስጥ አንዲት ብሎን ስፈልግ እጄን የሚስማር ቆርቆሮ ውስጥ ብሰድድ አንድ ጠማማ ብረት ጣቴን ያዘኝ። ሳላየው አወቅኩት። የጠመንጃ ቃታ ነው፤ አሮጌ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ ጭልፊት ጥፍር የተቆለመመ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የዘይቱ ሽታ እስካሁን አለ። ሚስቴ በበሩ ብቅ ብላ "ደግሞ ብረት ማሽተት ጀመርክ?" ብላኝ ተመለሰች። እኔ ግን በዚያች ሽታ ተሳፍሬ መጀመሪያ የኖርኩባት ከተማ፣ ኮንየርስ ገብቻለሁ።

ያኔ ዲቪ ደርሶኝ መምጣቴ ነው። ወገቤ የንብ፣ ጸጉሬ ለብቻው መቀመጫ የሚያስፈልገው ደን ነበር። የምኖረው ጋሼና እትዬ የምላቸው ባልና ሚስት ቤት ሥር፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ጋሼ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያሽጉ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የአደን ፈቃዳቸውን ይዘው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የባልደረባቸው መሬት ላይ አጋዘን ያድኑ ነበር። ጠመንጃቸው ያ ከቃታው ሥር ባለው ማንሻ ጥይት የሚጎርሰው ዓይነት ነው፤ ማንሻውን ወደ ታች ገፋ፣ መልሶ ሳብ፣ ቀጭ ቋ! ለዚያ ድምፅ ስል ብቻ "ልወልውልልዎት" እያልኩ እለምናቸው ነበር።

ችግሩ ቃታው ነበር። እንደ ወተት ጥርስ ይነቃነቃል፤ ሲስቡት ግን በቅሎ ነው፣ አይመጣም። እሱን መሳብ የጀመረ ሰው መሀል ላይ አግብቶ ሊወልድ ይችላል። የጋሼ ጣት ደግሞ ካርቶኑ የተወለት አርትራይተስ የሚሉት የመገጣጠሚያ ሕመም ዓመት በዓመት ያሳብጠው ነበር። በዚያ ወቅት መጀመሪያ ላይ ቀንዱ የተንሰራፋ አጋዘን ፊት ለፊታቸው ቆሞ ቃታው አልሳብ ብሏቸው ተመለሱ። እራት ላይ "ከእንግዲህ ጠመንጃውን ለሰው ብሰጠው ይሻላል" አሉ። እትዬ ጉርሻቸውን ይዘው ቀሩ። ጋሼ ያለዚያ ጠመንጃ ቅዳሜን ምን እንደሚያደርጉት ሁላችንም አናውቅም ነበር።

"ቃታው ይቀየራላ!" አልኩ።

"ይቀየራል እንዴ?"

"ልክ ለእሱ የተሠራ ቀላል ቃታ አለ። ኦንላይን ኦርደር አደርግልዎታለሁ።"

"አንተ ልጅ" አሉ እትዬ፣ "ቶስተሩን ልሥራ ብለህ ሰፈሩን ያጨለምክ ጊዜስ?"

ዕቃው ሲመጣ ጋሼ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደጋግመው አይተው፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፈው እንደ በሽተኛ አስተኙት። እኔ በአንድ ዓይኔ ቪዲዮ፣ በአንድ ዓይኔ ብሎን እያየሁ ፈታታሁት። አንዲት ቁራጭ ከሆዱ ዘላ ፍሪጅ ሥር ገባችና እትዬ በመጥረጊያ እንጨት አወጧት። ቃታውን የያዘውን ፒን መትቼ አሮጌውን አስወጣሁ፣ አዲሱን ተካሁ፣ ገጣጠምኩ። የተረፈ ብሎን አልነበረም፤ ይህን በሕይወቴ ካየኋቸው ተአምራት ጋር እቆጥረዋለሁ። ጋሼ ባዶውን ሳቡት። ቀጭ።

"ምነው? ገና ሳልነካው!" አሉ። ጣታቸውን አገላብጠው አዩት፤ የራሳቸው አልመስል ብሏቸው።

አንድ ነገር ግን ማናችንም አላሰብንም። ጋሼ "ጥይት የሩቅ ቢላዋ ነው" ይሉ ነበር፤ ሳይባርኩ የጣሉት ሥጋ አይበላም። ስለዚህ ቃታውን መሳብ ሲጀምሩ "በስመ አብ" ብለው ይነሳሉ፤ ያ በቅሎ እየተጎተተ፣ እየተጎተተ፣ ልክ "አሜን" ላይ ይተኩሳል። ስንት ዓመት የሠሩት እንዲህ ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጭጋጉ ከጥዶቹ ሥር ገና አልተነሳም። አጋዘን ብቅ አለ። ጎናቸው ተኝቼ ሰማሁ፤ "በስመ አብ፣ ወወልድ..." ድው! አጋዘኑ ባለበት ወደቀ። ጋሼ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። የቀረውን ጸሎት ከኋላ እያሯሯጡ ጨረሱት፤ ቢላዋ ይዘን ስንደርስ ግን ነፍሱ ወጥታለች።

እትዬ በሩ ላይ ጠበቁን።

"ባርከኸዋል?"

"ጀምሬ ነበር።"

"የት ስትደርስ ተኮሰ?"

"ወወልድ ላይ።"

"እና መንፈስ ቅዱስ በኋላ በእግሩ ይምጣ?"

ሥጋው ድስታችንን ሳያይ ለጎረቤቱ ፈረንጅ ተሰጠ። ሳምንቱን ሙሉ የጥብሱ ሽታ አጥር እየዘለለ መጣ፤ ጋሼ መስኮት ሲዘጉ እኔ እከፍታለሁ።

ቀድመው ጸልየው፣ ከዚያ ጣታቸውን እንዲያሳርፉ መከርኳቸው። ሳሎን ውስጥ በባዶ ጠመንጃ ተለማመዱ። "በስመ..." ቀጭ። "በስመ..." ቀጭ። "ምላሴና ጣቴ አብረው ያደጉ ናቸው፤ አይለያዩም" አሉ ተስፋ ቆርጠው። አሮጌውን ልመልሰው? እሱን የሚስብ ጣት የላቸውም። ጠመንጃውን ወደ ማኅደሩ መክተት ጀመሩ።

"አንተ ተኩስ፤ እኔ እባርካለሁ" አሉ እትዬ ከኋላ።

"ሴት አርዳ ታውቃለች?"

"ቢላዋው ያው አንተ ጋ ነው። አፌን ማን ከለከለው?"

ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። እትዬ በነጠላቸው ላይ ያን የአዳኞች ብርቱካንማ ሰደርያ ደርበው ጋሼ ጎን ተቀመጡ፤ እኔ ራቅ ብዬ። ረፋዱ ላይ አጋዘኑ መጣ። ጋሼ አነጣጠሩ፤ ጣታቸው ከቃታው ውጭ ይጠብቃል። እትዬ በሹክሹክታ ጀመሩ፣ በሥርዓቱ ሄዱ፤ "አሜን" ላይ ግን ቅዳሴ ላይ እንደለመዱት በሙሉ ድምፃቸው ለቀቁት። ከኮንየርስ እስከ አላባማ ያለ አጋዘን ሁሉ የሸሸ መሰለኝ። የጋሼ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጣል፤ አልተኮሱም።

እትዬ አፍረው ሊነሱ ሲሉ ጋሼ እጃቸውን ያዙ።

"አጋዘኑ ይሂድ። አንቺ ግን ቁጭ በይ።"

እኔ መኪና ውስጥ ልጠብቃቸው ሄድኩ። ፀሐዩ አናት ላይ እስኪወጣ ድረስ ከጥዶቹ መሀል የሁለቱ ወሬ ይሰማኝ ነበር፤ ቃሉ ግን አይለይም። ምን ሲያወሩ እንደዋሉ እስከ ዛሬ ማወቅ እፈልጋለሁ። ጋሼን መጠየቅ አሁን አይቻልም። እትዬን ስጠይቃቸው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ "ስለ አጋዘን ነዋ" ይሉኛል።