የመሃለኛው ቅንድብ

ወንድሜ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። ሆሳዕና ውስጥ ፎቶ ቤት ጠፍቶ አይደለም፤ «ኮት ስገዛ እነሳለሁ» እያለ ነው። ኮቱን ሳይገዛ፣ ዳምቦያ ገበያ በሬ ሊሸጥ እንደሄደ በአፈሳ ተይዞ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። በሬውን አንድ ጎረቤት እየነዳ መልሶ አመጣልን። ወንድሜን የመለሰልን የለም።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ቀለም ቀቢ ነበር። የጉራጌ ነጋዴዎችን የሱቅ ታፔላ የሚጽፈው፣ የጭነት መኪና በር ላይ አንበሳ የሚስለው እሱ ነው። የራሱ ልጅ ስላልነበረው ወንድሜን እንደ ልጁ ነበር ያሳደገው። ወንድሜ በተወሰደ በዓመቱ የቀበሌው ካድሬ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዞ ቤቱ ድረስ መጣ። ወረቀቱ ላይ ሦስቱ ፂማም ፈረንጆች አሉ፤ ያኔ በየአዳራሹና በየአደባባዩ ከላይ ሆነው የሚያዩን ሦስቱ። «አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሳላቸው። አንድ ነገር እንዳትጨምር፣ አንድ ነገር እንዳትቀንስ» ተባለ። አጎቴ ወረቀቱን በእርሳስ ካሬ በካሬ ከፋፈለ፤ ግድግዳውንም እንደዚያው ከፋፍሎ መገልበጥ ጀመረ። «ስለ ሰዎቹ የማውቀው ፀጉር ቤት ሄደው እንደማያውቁ ብቻ ነው» ይለን ነበር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሥዕሉ ያለቀ ሰሞን ስብሰባ ተጠራ። የቀረ ይቀጣል፤ ስለዚህ እናቴ እኔን ይዛ ሄደች። እናቴ ቤት ውስጥ የምትናገረው ሀዲይኛ ነው፤ በአማርኛ ከሚባለው ግማሹ አይገባትም። ተቀምጠን ቀና እንዳለች እጄን ጭምቅ አደረገችው። የምታየው መሃለኛውን ፈረንጅ ነው። የግራ ቅንድቡ ከመሃል ተሰንጥቋል። ወንድሜ ልጅ ሳለ አጥር ሲዘል ወድቆ ጠባሳ የቀረበት ልክ እዚያ ቦታ ላይ ነው። ከሥሩም የወንድሜ ዓይኖች፣ ሁልጊዜ ያንቀላፉ የሚመስሉት፣ ከዚያ ሁሉ ፂም በላይ ሆነው ያዩናል። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

ለካ ካድሬውም አይቶት ኖሯል። «ጓድ፣ ይሄ ምንድነው?» ቢለው፣ አጎቴ «ግድግዳው ነው የተሰነጠቀው፣ ጓድ» ብሎ መለሰለት። ካድሬው ትንሽ አንጋጦ አየና ትቶት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ እናቴን ከስብሰባ የሚያስቀራት ጠፋ። ከሁሉ ቀድማ ገብታ ከፊት ትቀመጣለች። ሊቀመንበሩ «እንደ እኚህ እናት ንቁ!» እያለ ያመሰግናታል፣ ይጨበጨብላታል። መፈክር ሲሰማ እሷም ግራ እጇን ታነሳለች፤ ከንፈሯ ግን ሌላ ነው የሚለው። አጠገቧ ስለምቀመጥ እሰማታለሁ። ላሚቱ መውለዷን፣ እኔ ክፍል ማለፌን፣ ሽንሺቾ ያለችው አክስታችን መታመሟን በሀዲይኛ ለመሃለኛው ትነግረዋለች። እኔ ግን ያንን ግድግዳ እፈራው ነበር። ወንድሜ የሰው ፊት ውስጥ ታስሮ፣ አውጡኝ ማለት አቅቶት የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ተሰናብታው ስትወጣ እኔ ከአዳራሹ የምወጣው ወደኋላ ሳልዞር ነው።

ሆን ብሎ እንደሆነ አጎቴን አንድ ቀን ጠየቅኩት። «አይደለም» አለኝ። «ካሬውን እያየሁ ነው የሳልኩት። ግን ፊት ስስል የማውቀው ፊት ይመጣብኛል። የማላውቀውን ከየት ላምጣው?»

ደርግ ሲወድቅ ወጣቶች ኖራ በባልዲ ይዘው፣ እየዘፈኑ አዳራሹን ቀቡት። እናቴ ስትደርስ አንደኛው ፈረንጅ ጠፍቷል። «ልጆቼ፣ መሃለኛውን ተዉልኝ!» እያለች እግራቸው ላይ ወደቀች። ሳቁባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት «የደርግ ናፋቂ» ተባለች። ልጇን የወሰደባትን ደርግ! ብታስረዳስ ማን ያምናታል? እሷም አላስረዳችም። የወንድሜ መርዶ መጥቶ ስለማያውቅ ለቅሶ ተቀምጠንለት አናውቅም፤ የተለቀሰለት ያን ቀን ብቻ ነው።

እናቴ ከመሞቷ በፊት እጄን ያዘችና «ፊቱ ጠፋኝ» አለችኝ። «አንቺስ ታስታውሺዋለሽ?»

«አስታውሰዋለሁ» አልኳት። እውነቴን ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ያ ፊት ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ሆነ፤ እኔም እንደ አደራ ዕቃ ጠበቅኩት።

ባለፈው ዓመት ልጄ ከአዲስ አበባ መጣች። ስለ ወንድሜና ስለ ግድግዳው ሥዕል ስነግራት «እማዬ፣ አሁን እኮ ሠዓሊ አያስፈልግም፤ ኤአይ አለ። አንቺ ብቻ ንገሪኝ» ብላ ስልኳን አወጣች። ከዓለም የተሰበሰበ ሥዕልና ፎቶ አይቶ የተማረ ነገር መሆኑን አስረዳችኝ። እኔም ቅንድቡን፣ ዓይኑን፣ የጉንጩን አጥንት፣ የሚስቅበትን ሁኔታ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ እሷ ጻፈች። ወዲያው ስልኳ ላይ መጣ። የግራ ቅንድቡ ተሰንጥቋል። ዓይኑ ያንቀላፋ ይመስላል። ኮት ለብሷል።

ስለ ኮት ምንም አላልኩም ነበር። ጮህኩ። ልጄ ደስታ መስሏት አቀፈችኝ።

ወንድሜ አይደለም። የነገርኩት ሁሉ አለ፣ እሱ ግን የለም። አጎቴ ለካድሬው መታዘዝ ያቃተው ሰው ናፍቆት ነው፤ ይህ ነገር የዓለምን ፊት ሁሉ አይቶ ከመሃላቸው አንድ የናፈቀው የለም። ግን ልጄን እንዴት ላሳዝናት? «ቁርጥ እሱን» አልኳት። አሳትማ፣ በመስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ነፍስ ይማር፣ አንቺን ይመስላል!» ይለኛል። እኔም አሜን እላለሁ፤ ለማን እንደሆነ ባላውቅም።

ልጄ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ አውርጄ ቁም ሣጥን ጀርባ ወሸቅኩት። አልጠቀመኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ወንድሜን ስጠራው የሚመጣው ባለኮቱ ነው። ከጀርባው ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል። «እስቲ ዞር በልልኝ» እለዋለሁ፤ ፈገግ ብሎ ያየኛል እንጂ አይንቀሳቀስም። እነዚያ ልጆች እንኳ ኖራ የቀቡት ግድግዳውን ብቻ ነበር።

እናቴ አሁንም ትጠይቀኛለች። በሀዲይኛ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ በምታንሾካሹክበት ድምፅ፣ «አንቺስ ታስታውሺዋለሽ?» ትለኛለች። እሷን መዋሸት አልችልም።

«እማዬ» እላታለሁ፣ «ኮቱን ገዝቷል።»