ከጀልባው የወረዱት ሦስት ጆንያዎች

ጋዜጠኛ ያየውን ነው የሚጽፈው፤ እኔም በዚያ ቀን ያየሁትን ጽፌ ነበር።

የጣና ውኃ ሞልቶ የሐይቁ ዳር ቀበሌዎችን ያጥለቀለቀ ሰሞን፣ ከባሕር ዳር የእርዳታ ዱቄት በሚያደርስ ጀልባ ላይ ከካሜራ ባለሙያዬ ጋር ተሳፈርሁ። ልንነሣ ስንል ጀልባ ነጂው አቶ ሰይድ የተጫኑ ሦስት ጆንያዎችን መልሰው ሲያወርዱ አየሁ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። በስልኬ ፎቶ አነሣሁና ስልኩን ኪሴ ከተትሁ።

ከተጥለቀለቁት ቀበሌዎች አንዱ ዘንድ እንደ ደረስን ዱቄቱ ለአንድ ቤት አንድ ጆንያ ታደለ። ለሦስት ቤቶች ሳይደርስ አለቀ። ከሰልፉ መጨረሻ የነበሩት እማማ ደብሬ፣ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ እንደ ቆሙ ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

የጠበቅሁት ሰዓት ደረሰ። መቅረጫዬን ከፍቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ፎቶውን ለአቶ ሰይድ አሳየኋቸው።

«የእኒህ እናት ዱቄት የት ገባ?»

ፎቶውን በእርጋታ ተመለከቱት።

«ባሕር ዳር መጋዘን ነው ያለው።»

«ማን አውርዱ አለዎት?»

«ጀልባዋ ልክ አላት፣ ጌታው። ሁለት ሰው ከነካሜራው ይሳፈራል ሲሉኝ የእናንተን ክብደት በዱቄት አወረድሁ። ነዳጅ ከተገኘ ነገ አመጣዋለሁ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መቅረጫው ገና እየቀዳ ነበር።

«ተው እንጂ ሰይድ፣ እንግዳ እንዲህ አይባልም» አሉ እማማ ደብሬ። ከዚያም ወደ እኔ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ፤

«ለመሆኑ አንተስ እህል ቀምሰሃል፣ ልጄ?»