ዋጋ ያልተከራከሩኝ ሰሞን

ግማሹን ዓመት ጅቡቲ፣ ግማሹን ደብረ ብርሃን መኖር ምን አስከፈለህ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ አባቴን ሳልቀብር ቀረሁ። ሌላው ወጪ ተመልሷል።

ነገሩ የተጀመረው በድንች ነው። ድንችና ነጭ ሽንኩርት እነግዳለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ድንች ሲረክስ ጅቡቲ ላይ ይወደዳል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ አንድ ቀን የሹፌር ወሬ ማዳመጥ ይበቃል። መጀመሪያ በሰው እልክ ነበር። ሰውየው በየጊዜው “ግማሹ መንገድ ላይ በሰበሰ” ሲለኝ፣ የሚበሰብሰውን በዓይኔ ልይ ብዬ ራሴ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ እዚያ ነኝ፤ ሙቀቱ ሰው መቀቀል ሲጀምር ወደ ብርዴ እመለሳለሁ።

አባቴ አንኮበር፣ ጎረቤላ ከእህቴ ጋር ይኖር ነበር። ወንድ ልጁ እኔ ብቻ ነኝ። የዚያን ዓመት ልሰናበተው ስሄድ ሳሉ ጠንቶበት አገኘሁት።

“አያቶችህም ከአሊዩ አምባ በግመል ወደዚያው ባሕር ይወርዱ ነበር” አለኝ። “የተመለሰው ግን ጥቂት ነው።”

“እኔ በመኪና ነው የምሄደው፣ አባባ።”

“ግድ የለም። ገበያው ደህና ከሆነ ጠብቄህ እሞታለሁ” ብሎ ሳቀ፤ ሳሉ አቋረጠው። “ብቻ አፈሩን አንተ አልብሰኝ።”

“እሺ” አልኩት። ነጋዴ እሺ ለማለት አይቸገርም።

ጅቡቲን ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሰላምታ ሳትሰጥ ዋጋ ብትጠይቅ ባለሱቁ እንደ ግድግዳ ያይሃል። ቦንዡር ማለት አለብህ፤ ከዚያ በኋላ በክብር ይገፍፍሃል። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ስለሚል ሻዩን ስኳር እንጂ ቅጠል አያጣፍጠውም። ገንዘብ የሚመነዝሩት ሴቶች ናቸው። የስንት አገር ገንዘብ በቦርሳ ታቅፈው መንገድ ዳር ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚነካቸው የለም። እኛ ዘንድ ቢሆን ብዬ አሰብኩና ተውኩት። ጠዋት ሁሉም ይጣደፋል፤ እኩለ ቀን ላይ ከተማው ይዘጋል። ጫት የጫኑት መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ ሲገቡ ወንዱ እቅፉን ይዞ ወደ ጥላ ይገባል፤ እስከ አስር ሰዓት የሚሸጥም የሚገዛም አታገኝም። እኔም ከከተማው ፍየሎች ጋር ግድግዳ ተጠግቼ እጠብቃለሁ።

ትልቋ ደንበኛዬ ምግብ ቤት ያላት የደነባ ሴት ነበረች። እኔና እሷ ሳንሰዳደብ የተገበያየንበት ቀን የለም።

“ይሄ ድንች ነው ወይስ የፍየል በጠጥ?”

“በጠጥ ቢሆን በዚህ ዋጋ ታገኚው ነበር?”

“አንተ እኮ ስትሞት ከገናዥህ ጋር ሳይቀር ትከራከራለህ!”

የካቲት ላይ፣ ጾም ሊገባ ሲል፣ ይህች ሴት መከራከር አቆመች። ጆንያውን ገልጣ እንኳ ሳታይ ትከፍላለች። የምሳዬን ሂሳብ “ተወው” ትለኛለች። ሌሎቹ ሐበሻ ደንበኞቼም እንደ እሷ ሆኑ።

የሰው ፊት አይቼ ዋጋ የምቆርጠው እኔ፣ የከተማው ጠባይ ነው አልኩ። በዚህ አገር ጾም ሲቃረብ ሰው ይለዝባል ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ዋጋ ጨመርኩባቸው። ከፈሉኝ።

ለእህቴ ስደውል “አባባ ጉሮሮው ተዘግቷል፤ ማውራት አልቻለም” አለችኝ። መድኃኒት ቤት ሄድኩ፤ እኩለ ቀን ነበርና ዝግ ነው። ደጁ ላይ ቆሜ አስር ሰዓት እስኪሆን ጠበቅኩ። መድኃኒተኛው በፈረንሳይኛ ሲጠይቀኝ ጉሮሮዬን ይዤ ሳልኩለት፤ የሽማግሌ መሆኑን እንዲያውቅ ደግሞ ጎብጬ ምርኩዝ ተመረኮዝኩለት። ገባው፤ ሽሮፕ ሰጠኝ። ዕቃዬን የሚያመላልሰው የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ለፌስታል እንኳ የሚያስከፍል ሹፌር ነው። ሽሮፑን ከነመላኪያው ብሰጠው ሽሮፑን ብቻ ተቀብሎ “ገንዘቡ ይቅር ጋሼ” ብሎ ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ባለቤቴ አበላችኝ፤ ብዙም አላወራችኝም። ሊነጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። የእድራችን ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሹፌሩ አለ። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አገሬው ያውቃል።

“ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን” ብለው አንደኛው ጀመሩ።

“መቼ?” አልኩ።

“በየካቲት።”

መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አልነበረም፤ የጨመርኩት ዋጋ ነው። እንባው ቆይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን ሁለት ሰው ያዘኝ።

ሲወጣልኝ ሹፌሩ አጠገቤ ተቀመጠ። “ጋሼ፣ መርዶ በሰው አገር አይነገርም። እዚያ ማን ይዞህ ታለቅሳለህ ብለን ነው። ወሬውን ይዤ ስደርስ ሁላችንንም ያስማለችን ያቺ የደነባዋ ናት።”

“ሳታይ የከፈለችበትን ድንችስ?”

“የበሰበሰውን እየለየች ስትጥል ከረመች።”

ቢነግሩኝስ እደርስ ነበር? አልደርስም። ቀብሩ በማግስቱ ነበር፤ በዚያ መንገድ በአንድ ቀን አንኮበር አይገባም። ግን ዋጋ አልጨምርም ነበር።

ጎረቤላ ሄጄ እህቴን አቀፍኩ። አፈሩን ማን እንዳለበሰው ጠየቅኳት፤ የጎረቤታችን ልጅ ነው አለችኝ። ሽሮፑንም ለዚያው ቤት ሰጥታዋለች፤ ሕፃን ሲያስል ነበርና ተሽሎታል። መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎ ነበር። ቆሜ “ገበያው ደህና ነበር” አልኩት።

የዚያ ዓመት ድንች አትርፏል። ቀብሩ አመለጠኝ፤ አርባውም አመለጠኝ። ለሰማንያው ደረስኩ።