ግድግዳው ላይ ያሉት የከሰል መስመሮች

አንድ ጡቴን ጅማ ላይ ተቆርጬ ወደ ቦንጋ ስመለስ ባሌ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ይህን ልመስክርለት፤ ከዚያ በኋላ የምመሰክርለት ብዙ የለኝም።

እህቱ ግን ገና ሳልቀመጥ ቀኝ ክንዴን አየችው። ከጎኔ ተጣብቆ ነበር፤ ወደ ላይ አይነሳም።

«እንሰቱን ማን ሊፍቀው ነው?» አለች፤ እኔን ሳይሆን ወንድሟን።

ብዙም ሳይቆይ ዋጫ ከተማ ስለምታውቃት ባሏ የሞተባት ሴት ማውራት ጀመረች። ሙያ አላት፣ ጉልበት አላት፣ መጥታ ሚስትህን ታግዛት ትለዋለች። ባሌ ቡናውን እየጠጣ ሰማት። እንዲህ ያለች «አጋዥ» ስትገባ የቤቱ ሴት ወዴት እንደምትገፋ በሰፈራችን አይቻለሁ። እነማን ቤት እንደሆነ ልተወው።

ሲስተር የምንላት ነርስ እንደኔ የሚታከሙትን ሴቶች በቀበሌው አዳራሽ የሰበሰበችን በዚያው ሰሞን ነበር። ስፖርት ትሠራላችሁ ስትለን ማናችንም ደስ አላለንም። ጅማ ሄደን መድኃኒቱን ወስደን ስንመለስ ከአልጋ እስከ ደጅ መድረስ እንኳ ያደክመናል። ቢሆንም እንመጣ ነበር። መስኮቱን በነጠላ ጋርደን ግድግዳው ፊት እንቆማለን፤ ጣቶቻችን ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የደረሱበት ላይ ሲስተር በከሰል ታሰምርልናለች። ከዚያ የመጥረጊያ እጀታ በሁለት እጃችን ይዘን እናነሳለን፣ እናወርዳለን። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ ፀጉሯ የረገፈ አስተማሪ ሁልጊዜ ከጎኔ ትቆማለች።

«እትዬ፣ ዛሬስ ጣሪያውን ሊነኩት ነው።»

«ጣሪያው ላይ ምን አለኝ?»

«ሸረሪቱን ሰላም ይበሉልኝ፤ እኔ ገና ጆሮዬ ጋ ነኝ።»

ሳቅ ስፌቱን ይስበዋል፣ ያማል። እንስቅ ነበር።

አንድ ቀን የባሌ እህት እዚያው አዳራሽ ለሚደረገው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ቀድማ መጣች። ነጠላው ተንሸራቶ ኖሮ በመስኮቱ ስታየን አየኋት። እኔ እጀታውን ከራሴ በላይ አንስቼ፣ በአስተማሪዋ ቀልድ እየሳቅሁ ነበር። ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል።

«ለጭፈራ ሲሆን ክንዷ ደህና ነው። እንሰት ሲባል ነው የሚያማት» ብላለች።

ሲስተርን መፋቅ እችል እንደሆነ ጠየቅኋት።

«በፍጹም እንዳይሞክሩት። ይህ ክንድ በከባድ ሥራ ያብጣል፤ ካበጠ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።»

እሷ ደሞዝ አላት፣ ቆጮዋን ከገበያ ትገዛለች፤ ባል የሚነጥቃትም የለም። ያኔ ያሰብኩት ይህንን ነው፤ ዛሬም ሐሳቤ አልተለወጠም።

የእንሰት ፍቂያው ደቦ እኛ ጓሮ ሲደርስ ከሴቶቹ ጋር ሳንቃው ፊት ተቀመጥኩ። የእንሰቱን ክፋይ በተረከዜ ሳንቃው ላይ አጣብቄ፣ የቀርቀሃውን መፋቂያ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ታች ሳብኩ። የባሌ እህት ፊት ለፊቴ ነበረች።

«ቀስ በይ እንጂ፣ እህቴ» አለችኝ አንዷ ጎረቤት።

ቀስ አላልኩም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ፋቅሁ። የባሌ እህት ቀና ብላ አላየችኝም፤ እኔ ግን አይቻታለሁ።

በማግስቱ ክንዴ አብጦ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። አዳራሹ ስሄድ ሲስተር ገና ከበር አየችው።

«ምን አደረጉት?»

«ሥራ ነበረብኝ።»

ተቆጣችኝ፤ ይገባታል። ግድግዳው ፊት ቆምኩ። መጀመሪያ ካሰመረችልኝ መስመር እንኳ አልደረስኩም። አስተማሪዋ ያን ቀን አልቀለደችም። ክንዴን በመዳፏ ከሥር ደግፋ ይዛ ቆመች፤ የራሷን ሥራ ሳትሠራ ሰዓቱ አለቀ። ኋላ እሷም ግድግዳው ጋ መምጣት አቃታት። ስለሷ ከዚህ በላይ አልናገርም።

በደቦው ቀን የፋቅነው ቆጮ ከጉድጓድ ሲወጣ የባሌ እህት እኛ ቤት ተቀምጣ በላች።

«ጥሩ ተፍቋል» አለች።

«ጨምሪ» አልኳት።

ከዋጫ ማንም አልመጣም። ባሌም ጉዳዩን አንድ ቀንም አላነሳው፤ ያኔም አልከለከለ፣ በኋላም ይቅርታ አላለ። ክንዴ እንዳበጠ ቀረ። አዲስ ቀሚስ ሲገዛልኝ መጀመሪያ የቀኙን እጅጌ እተረትራለሁ።