ሉየን ያጠራችው ውሃ

ሉየን የሸምበቆ ሐይቅን ያገባችው ከነሽታው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቆርቆሮ ጀልባ እየዞረች የሞተ አሳ፣ ፌስታል፣ አንዳንዴም የሰው ሱሪ በመረብ ስታወጣ፣ በሃኖይ ከተማ የሐይቁ ዳር ሰፈር ሰው ስሟን ረስቶ «እትዬ ጉድፍ» ብሏት ቀረ። ሐይቁ ከሰው ቁመት አይጠልቅም፤ የሰፈሩን ፍሳሽ ሁሉ ይጠጣል። ሙቀት ሲመጣ አልጌው እንደ ጎመን መረቅ ይወፍርና አሳው አየር አጥሮት ሆዱን ለሰማይ ይሰጣል።

አምና ኢንጂነር ክያም የሚባል ሰው መጣና የሐይቁን አንድ ጥግ በመረብ አጠረ።

«ጭቃ የሚቆፍረውን፣ ካርፕ የሚባለውን አሳ እናወጣለን፤ በቦታው የውሃ ሳር እንተክላለን» አላት። «ሳሩ ጭቃውን ይዞ የአልጌውን ቀለብ ይቀማዋል። ለአዲስ ዓመት መርማሪዎች ይመጣሉ። ነጭ ሰሃን አንድ ሜትር ወርዶ ከታየ ሥራው ለሐይቁ ሁሉ ይቀጥላል። ካልታየ ሐይቁ ይደፈንና መኪና ማቆሚያ ይሆናል።»

ሉየን ከቤቷ ነጭ ሰሃን አመጣች፤ ጠርዙን በምስማር በስታ ገመድ አሰረችበት፤ ሜትሩ ላይ ቋጠሮ አደረገች። ከዚያ እስከ ደረቷ ጭቃ ገብታ ካርፕ ስትጎትት ከረመች። ሳሩን አንድ በአንድ፣ ሥሩን በሸክላ አፈር እያድበለበለች ተከለች። ሰሃኑ መጀመሪያ ስንዝር ታየ፤ ቀጥሎ ክንድ። አንድ ቀን ቋጠሮው ውሃ ነካ፣ ሰሃኑም ከታች ቁልጭ አለ።

«ታየኝ! ታየኝ!»

«ምን ታየሽ፣ እትዬ ጉድፍ? ባል?» አለች ሙዝ ሻጯ ከዳር።

«ሰሃኔ!»

«ወይ አንቺ! ሰው በሰሃን እንዲህ ይሆናል?»

ሉየን ደስታዋን የምታስቀምጥበት አጣች። በገበያው መሃል፣ «ውሃዬ እንኳን አሳ፣ አምላክ ይዋኝበታል!» እያለች ዞረች። ምነው አፏን በያዘላት!

መርማሪዎቹ የቀጠሩት አዲስ ዓመት ሳምንት ሲቀረው፣ ከማጀት አምላክ ቀን ማግስት ነበር። በአምላኩ ቀን የማጀቱ አምላክ የቤቱን የዓመት ገመና ሊዘከዝክ በካርፕ ጀርባ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ እያንዳንዱም ቤት ሦስት ካርፕ ውሃ ውስጥ ይለቅለታል። ገና ከማለዳው የሞተር ሳይክል መዓት መጣ። ሉየን መቅዘፊያዋን ይዛ መረቡ ዳር ቆመች።

«ወዲያ ማዶ ልቀቁ! እዚህ አይደለም!»

«የእኔ አምላክ በዚያ ቆሻሻ ይንቦጫረቅ?» አለ ሄልሜት ያጠለቀ ሰውዬ። «አምላክ ይዋኝበታል ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ካርፑ ሳሬን ይነቅለዋል!»

«ታዲያ ጾሙን ይሂድ? መንገዱ ሩቅ ነው እኮ!»

ሰዉ አውካካ። ወደ ቀኝ ስትሮጥ በግራ ይዘረግፋሉ፤ ወደ ግራ ስትሮጥ በቀኝ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አማቷን፣ የሟች ባሏን እናት እማማ ቢክን አየች፤ የሰማንያ አንድ ዓመት ባልቴት፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቁጢጥ ብለዋል። ባልዲያቸው ባዶ ነው።

«እማማ! እርስዎም?»

«ምነው? ‹ሰማይ ስትደርስ ለሉየን ሐይቅ አንድ ቃል ጣል አርግላት› ብዬ ላክሁት። ያውም ትልልቆቹን መርጬ!»

ሉየን መቅዘፊያዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

በማግስቱ ሳሩ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። መርማሪዎቹ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ሰሃኑን ለቀቀችው፤ ስንዝር ሳይሞላ ጭቃው ዋጠው። «አንዴ ልድገመው» አለች። ደገመች፤ ሰለሰች። ኢንጂነር ክያም ጫማውን ያያል።

«አርባ ቀን ስጡኝ፣ ካርፖቹን መልሼ አወጣቸዋለሁ።»

«ከርሞስ፣ እትዬ?» አለ ዋናው መርማሪ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ከርሞ አምላካችሁ በእግሩ ይሄዳል?»

ሉየን ገመዱን በእጇ ላይ ጠቀለለች። ሰውየው «አልታየም» ብሎ ጽፎ ወረቀቱን አጠፈ።

ቤት ስትገባ እማማ ቢክ የሩዙ ድስት አጠገብ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል።

«ካርፖቹ ደርሰው ይሆን፣ ልጄ?»

ገመዱን ከሰሃኑ ፈታች። አጠበችው። ቀዳዳው መረቅ አይዝም፤ የተጣበቀ ሩዝ ግን ይይዛል፤ ጨልፋ ፊታቸው አስቀመጠችላቸው።

«ደርሰዋል፣ እማማ» አለች። «ይብሉ።»